ሽፓጋቱን የሠራሽ ዕለት

ተገልብጦ ተንጠልጥሎ ለሚያለቅስ ሰው እንባ የሚወርደው ወደ ጉንጩ ሳይሆን ወደ ግንባሩ ነው። ሜይታል ይህን የተረዳችው ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ በእስራኤሏ ረሆቮት ከተማ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ባለች ጠባብ የምሰሶ ላይ ስፖርት ስቱዲዮ፣ እግሯ ወደ ላይ ራሷ ወደ ታች ሆኖ የብረት ምሰሶ ላይ እንደተጣበቀች ነው። እንባው ቅንድቧን አልፎ ፀጉሯ ውስጥ ገባና ጠፋ። ማንም አላየባትም። እንዲህ ያለው ለቅሶ ጥቅሙ ይኸው ነው።

“ያላ ሜይታል፣ የላይኛውን እግር ሳቢው!” ስትል ኤንባል ከታች ጮኸች። ኤንባል የስቱዲዮው ባለቤትና አሠልጣኝ ናት፤ አጭር ሆና ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ። አማርኛ አታውቅም፤ በዕብራይስጥ የምትለውን ለአንባቢ እንዲመች እየመለስነው ነው። “ወደ ፊትሽ ሳቢው። ክንድሽን በላዩ አሳልፊ። ቤሰደር፣ ጥሩ ነው። አሁን ያንን ምሰሶውን የጠመጠመውን እግርሽን ልቀቂ።”

የጣጣው ሁሉ መነሻ ይህቺ “ልቀቂ” ናት። እስራኤሎች ሽፓጋት ይሉታል፤ ሁለቱን እግር እንደ መቀስ ከፍቶ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማድረግ ማለት ነው። ወለል ላይ ቁጭ ብሎ መሥራቱ ለእሷ ምኗም አይደለም። በምሰሶው ላይ ተገልብጦ ግን አንዱን እግር እስከ ፊት ድረስ ስበው ይይዙና፣ እስከዚያች ሰዓት ያንጠለጠላቸውን ሌላውን እግር ፈትተው ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ያን ጊዜ ሰውን ከመውደቅ የሚያድነው የወገቡና የክንዱ ቆዳ ከብረቱ ጋር መጣበቁ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የምሰሶ ልጆች በልምምድ ቀን ቅባት የማይነኩት፤ ለዚህ ነው ከአጭር ቁምጣ በቀር የማይለብሱት።

“ልቀቂ እንጂ!”

“አልችልም!”

እግሯ እንደ ሁልጊዜው እምቢ አለ። ቆዳዋ እየተፋቀ ተንሸራታ ወረደችና ፍራሹ ላይ ተዘረረች። ኤንባል ልታነሣት እጇን ስትዘረጋላት ሜይታል አልተነሣችም።

“ኤንባል፣ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ከእንግዲህ አልመጣም።”

“ማ ኮሬ? ምን ሆነሻል? አንድ ዓመት ሙሉ ለፍተሽ አፋፉ ላይ ደርሰሽ! ለዚያ ለመብራት ሠራተኛው ብለሽ ነው?”

“ለእናቱ ብዬ ነው” አለች ሜይታል።

የመብራት ሠራተኛው ኒቭ ነው። አምና የስቱዲዮው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ኤንባልን ሲያማርራት ተጠርቶ መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ አምፖል ሲቀይር፣ ከአጠገቡ ምሰሶ ላይ አንዲት ጠይም ልጅ ተገልብጣ አገኘ። ሌላ ወንድ ቢሆን ወይ ያፈጣል፣ ወይ ዐይኑን ይሰብራል። እርሱ ግን አንገቱን አጣሞ ፊቱን ከፊቷ ጋር ለማስተካከል እየታገለ፣ በጥሩ አማርኛ፣ “እንደምን ዋልሽ?” አላት። ሜይታል ሳቋ አመለጣትና ወደቀች። በእግሯ ቆማ ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተያዩ፤ ከዚያ በኋላ እንኳን አምፖሉ እርሱም ከዚያች ስቱዲዮ አልጠፋም።

ልምምድ ስትጨርስ ታች ጎማ ቤቱ በር ላይ ይጠብቃታል። ያልተሳካ ሙከራዋን ሁሉ ኤንባል ፎቶ ታነሣለች፣ ሜይታልም ትልክለታለች፤ እርሱም በእያንዳንዱ ላይ ይቀልዳል። አንድ ቀን ግን ቀልዱን ተወና፣ “ሽፓጋቱን የሠራሽ ዕለት ፎቶውን ላኪልኝ። በዚያው ሳምንት አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ” አላት።

“ካልሠራሁትስ?”

“አልሠራም ለማለት ነው? እንግዲያው ሳላገባ ላርጅ!”

እንዲህ ሆነና ያ እንቅስቃሴ ለሜይታል ስፖርት መሆኑ ቀረ። ሠርጓ ሆነ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ነው። ኒቭ እዚያው አቅራቢያ ባለችው ቂርያት ዔቅሮን ከተማ እናቱ ዘንድ ወሰዳት። ሜይታል ሄርጼል መንገድ ላይ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ ለእናቱ ለወይዘሮ ማንተገብሽ ስጦታ የማንበቢያ መነጽር ይዛ ሄደች። እርሳቸው ፊት ቀርበው ያልተለኩ በመሆናቸው፣ በራሷ ፊት ላይ እየሞከረች ነበር የመረጠችላቸው። ማንተገብሽ ሲያደርጉት ልክክ አለ። “ለእኔው የተሠራ ነው!” ብለው ተደነቁ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሜይታል የጭኗንና የክንዷን ብልዝ እንዳያዩባት እጅጌ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ነበር። ሳህን ስታቀብል እጅጌው ተሰበሰበ። “ምን መታሽ?” ቢሏት ደነገጠች። ኒቭ ደግሞ ምን ችግር አለው ብሎ ስልኩን አውጥቶ በምሰሶው ላይ የምትሠራበትን ቪዲዮ አሳያቸው። ያችኑ አጭር ቁምጣ! ሜይታል ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ማንተገብሽ በአዲሱ መነጽራቸው አተኩረው አዩና፣ “እህ” ብለው ስልኩን መለሱለት።

ልቡ የተጨነቀ ሰው መካሻ ይሻል። ወዲያው፣ “ለመሆኑ የማን ዘር ነሽ፣ ልጄ?” ሲሏት ሜይታል ዕድሏ የመጣ መሰላት። እስራኤል የተወለዱ እኩዮቿ ከአያታቸው ስም ወዲያ አያውቁም። እርሷን ግን አባቷ አቶ ተዘራ ከልጅነቷ ጀምሮ አስጠንቷታል፤ በየሠርጉ ዘመድ ፊት ቆማ ስትቆጥር ይጨበጨብላት ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች።

“ሜይታል ተዘራ፣ ተዘራ ፈረደ፣ ፈረደ አለሙ፣ አለሙ ጓዴ፣ ጓዴ ብሩ፣ ብሩ ቸኮል። ቸኮል የወለቃው አንጥረኛ! ቸኮል...”

“ይበቃል፣ ልጄ” አሉ ማንተገብሽ።

መነጽሩን አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ የኒቭ መልእክት ደረሳት፦ “ሜይታል፣ ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ አንገናኝ።” ብትደውል አያነሣም። ብትጽፍ አይመልስም።

ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ቪዲዮው ነው። ጎንደር ተወልደው ያደጉ ጨዋ እናት፣ ልጃቸው ቁምጣ ለብሳ ብረት ላይ የምትገለበጥ ሴት ላግባ ሲላቸው ምን ይላሉ? ስለዚህ ቆረጠች። ምሰሶውን ትተዋለች። ሄዳ በእግራቸው ላይ ወድቃም ቢሆን ትነግራቸዋለች። ሐሙስ ምሽት ከስቱዲዮው ደረጃ ስትወርድ እጇ ብረት ብረት ይሸት ነበር፤ እስከ ቤቷ ድረስ እያሸተተችው ሄደች።

ዓርብ ከቀትር በፊት ቂርያት ዔቅሮን ደረሰች። ወይዘሮ ማንተገብሽ የሰንበቱን ዳቦ ከምድጃ እያወጡ ነበር። በሩን ሲከፍቱ መነጽሩ ዐይናቸው ላይ ነው። ሜይታል ይህን አየችና ተስፋዋ ነፍስ ዘራ።

“ነይ ግቢ። ተቀመጪ። ምነው ከሳሽ?”

“አይ፣ ቆሜ ልናገር፣ እትዬ ማንተገብሽ። ትቼዋለሁ። ትናንት ለአሠልጣኜ ነገርኳት። ከእንግዲህ ምሰሶ ላይ አልወጣም።”

“የምን ምሰሶ?”

“ያ... ኒቭ በስልክ ያሳየዎት።”

“እሱን?” ማንተገብሽ የዳቦውን ጨርቅ እንደያዙ ቀሩ። “ኧረ ምነው! ይህን የመሰለ ጉልበት ተሰጥቶሽ ለምን ብለሽ ተውሽው? እኔ እኮ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። በልጅነቴ ዛፍ ላይ የሚደርስብኝ ወንድ አልነበረም።”

ሜይታል ግራ ገባት።

“ታዲያ ምን አጠፋሁ?”

“ምንም አላጠፋሽ፣ የኔ ልጅ። ምንም።” ጨርቁን አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። “ቸኮል ነው።”

“ማን?”

“የወለቃው ቸኮል። ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ነው። ለአባቴ እናት አያቷ ነው። ካንቺ ስቆጥር ስድስተኛው ላይ ይወጣል፤ ከኒቭ ስቆጥር አምስተኛው ላይ። ሰባት ቤት አልሞላም፣ ልጄ። እህትና ወንድም ናችሁ።”

የቤተ እስራኤል ልጅ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘመድ አለመሆኑን ሳያረጋግጥ አያገባም። ሜይታል ይህን አታውቅም አይባልም፤ ግን የምታውቀው ሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ነገርን በምናውቅበት ዓይነት ነው። ረሆቮት ላይ የሚፋቀሩ ልጆች በወታደርነት የት እንዳገለገሉ ይጠያየቃሉ እንጂ፣ ቅድመ አያትህ የማን ልጅ ነው አይባባሉም። እርሷና ኒቭም አልተባባሉም። የተናገረችው እርሷው ናት፤ ያውም እንዲወዷት ብላ፣ በገዛ አፏ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ።

“ሕጉ አይከለክልም” አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። “የሚያጋባው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ራባኑቱም፣ አይጠይቅም።”

“አውቃለሁ። ራባኑቱ የራሱን ይጠይቃል። እኛ የራሳችንን።”

“ማንም አልሰማም እኮ! እርስዎ፣ ኒቭና እኔ ብቻ ነን። ዝም ቢሉኝስ? እለምንዎታለሁ፣ እትዬ። ዝም ይበሉኝ።”

ማንተገብሽ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። “አባትሽ ዘንድ ደወልኩ። ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ፣ ምናልባት ሌላ ቸኮል እንደሆነ ብዬ። እሱም ቆጠረው። ሁለታችንም በስልክ አለቀስን። በምን አፌ ልንገራት አለኝ።”

ከዚያ ተነሥተው አቀፏት። ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሟት። “እኔ ምራት አገኘሁ ብዬ ነበር። አሁን ልጅ አገኘሁ። ቤቱ ቤትሽ ነው። በበዓል እንዳትቀሪብኝ።”

ቢሰድቧት ትችለው ነበር። በሩን ቢዘጉባት ነገ ተመልሳ ታንኳኳ ነበር። ነገሩ ምሰሶ ቢሆንማ ትተወዋለች፤ ትታውም ነበር። ደምን ግን በምን ይተውታል? ሜይታል በማንተገብሽ እቅፍ ውስጥ ሆና፣ ፊታቸውን ከዚያ ቅርበት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ሰፊው ግንባር። ወደ ዳር ዝቅ የሚለው ቅንድብ። በየጠዋቱ መስተዋት ውስጥ የምታየው። መነጽሩ ለምን ልክክ እንዳለ ያን ጊዜ ገባት።

ለአባቷ የሚሆን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው አስያዟት። ትኩስ ነበር።

ታች ስትወርድ መሰላል የጫነች የኒቭ መኪና መጥታ ቆመች። ኒቭ ወረደና ሲያያት ባለበት ደረቀ። ጺሙ አድጓል፤ ዐይኑ ሥር ጠቁሯል። ሜይታል ዳቦውን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ፊት ለፊቱ ቆመች።

“አንድ ቃል ሳትነግረኝ፣ ኒቭ?”

“ምን ብዬ?”

“እውነቱን! እኔ እኮ በምሰሶው ነው ብዬ...”

“እውነቱን ልንገርሽ ስል እህቴ ልልሽ ነው። አፌ እምቢ አለኝ፣ ሜይታል። መኪና ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሞከርኩት። አልወጣም አለኝ።”

“እንግዲያው እንሂድ። ቆጵሮስ ሄደን እንጋባ። ስንቱ ዘመድ ሳይጠራ እዚያ ይጋባል! ዲ፣ ይብቃ፣ ኒቭ፣ እኔ ቸኮል የሚባል ሰው አላውቅም። አንተም አታውቀውም። እኔ የማውቀው አንተን ነው!”

“አስቤዋለሁ። የአውሮፕላኑን ሰዓት ሁሉ አይቻለሁ።” የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ። “እናቴ ትቅር አልኩ። ዘመድ ይቅር፣ ሽማግሌ ይቅር፣ ማንም አይምጣ አልኩ። ግን...”

“ግን ምን?”

“እናቴ መነጽሩን ስታደርገው ስቄ ነበር አይደል? አሁን ዐይኔን ስጨፍን አንቺ ትመጪያለሽ። ፈገግ ትያለሽ። ከዚያ እናቴን ትሆኛለሽ። ግንባርሽ የእሷ ነው፣ ሜይታል። አንዴ ካየሁት በኋላ ማየቴን መተው አቃተኝ። አብረን ሄደን፣ አንድ ቀን ፊቴን ካንቺ ብመልስ ምን ትሆኛለሽ?”

ሜይታል፣ “ውሸት ነው፣ አንመሳሰልም” ልትለው ፈለገች። ሥራዋ የሰው ፊት መለካት ነው፤ ማን ማንን እንደሚመስል ከእርሷ የሚያውቅ የለም። ግን ያንኑ ግንባር ፎቅ ላይ አሁን አይታው ወርዳለች። ከሁሉም የጎዳት፣ ኒቭ ይህን ሲናገር እያያት አለመሆኑ ነው። መሬት መሬት ነበር የሚያየው። አንገቱን አጣሞ ፊቷን የፈለገ ልጅ!

“ስማኝ” አለችው። “አንተ እህቴ ብለህ እስክትጠራኝ ድረስ እጠብቅሃለሁ። እናትህ ያሉት፣ አባቴ የቆጠረው ሌላ ነው። ያንተ አፍ እምቢ እስካለ ድረስ እኔ ተስፋ አልቆርጥም። ሰማኸኝ?”

ዳቦው በጨርቁ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆመው ቆዩ፤ ከዚያ እርሷ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

በሰንበት ቀን አቶ ተዘራ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው ዋሉ። በመጨረሻ እርሷው አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች።

“አባዬ፣ ለምን አስጠናኸኝ?”

“እንዳትጠፊ ብዬ ነው፣ ልጄ” አሉ። “አገሩ ሰፊ ነው፣ ቋንቋው ሌላ ነው። ከየት እንደመጣሽ ሳታውቂ እንዳትጠፊብኝ ብዬ ነው።”

እጃቸውን ያዘችላቸው። ማንን ትቆጣለች? አባቷ ወድደዋት ነው፣ ማንተገብሽ ወድደዋት ነው፣ ኒቭም ወድዷት ነው። የሚከሰስ አንድ ክፉ ሰው ቢኖራት እንዴት በቀለላት።

እሑድ አመሻሽ ላይ ወደ ስቱዲዮው ተመለሰች። ኤንባል በሩ ላይ ፊቷን አየችና ጥያቄዋን ተወችው። “ሶፍ ሶፍ፣ በመጨረሻ መጣሽ” ብቻ አለቻት።

ሜይታል ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን ላብ የሚያደርቅ ዱቄት ነካ ነካ አድርጋ ምሰሶው ላይ ወጣች። ተገለበጠች። የላይኛውን እግር ወደ ፊቷ ሳበችው፤ ክንዷን በላዩ አሳልፋ ቆለፈችው። ቆዳዋ እንደ ድሮው ተቃጠለ። ጣሪያው ላይ ኒቭ የቀየረው አምፖል በእግሮቿ መካከል ይታያታል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንዴም ድርግም ብሎ አያውቅም።

“አሁን...” አለች ኤንባል፤ “ልቀቂ” ለማለት ግን ጊዜ አላገኘችም።

እግሯ ለቀቀ። እንዲያው ዝም ብሎ ለቀቀ። ዓመቱን ሙሉ ያንን እግር አንቆ የያዘው የመውደቅ ፍርሃት ዛሬ አልነበረም፤ ካሁን በኋላ ከየት ሆና የት ትወድቃለች? እግሩ በአየር ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ከወዲያኛው ጋር አንድ መስመር ሆነ። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ጮኹ። አንዷ አጨበጨበች። ኤንባል “አትንቀሳቀሺ! አትንቀሳቀሺ!” እያለች ስልክ አነሣች።

ሜይታል ወረደችና ፎቶውን አየችው። እውነትም ውብ ነበር። ፊቷ በእግሯ ተከልሎ ግንባሯ አይታይም። ይህን ስታይ ልቧ ሞኝ ሆነ፤ ምናልባት፣ አለች። ምናልባት ይህን ሲያይ፣ ቃሉን ሲያስታውስ። ፎቶውን ላከችለትና ከሥሩ፣ “ሠራሁት” ብላ ጻፈች።

ጥግ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማየቱን የሚናገረው ምልክት ስልኩ ላይ መጣ። ሊጽፍ ጀመረ፣ ተወው። እንደገና ጀመረ፣ ተወው። ቆይቶ የድምፅ መልእክት ገባ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

መጀመሪያ የመኪና ሞተር ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። “ጎበዝ” አለ ኒቭ። ትንፋሹን ሲስብ፣ አንዴ ሲጀምርና ሲያቅተው ተሰማት። ያቃተው መስሏት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

“ጎበዝ፣ እህቴ።”

መልእክቱ እዚያ ላይ አበቃ።

ሜይታል ደግማ አላዳመጠችውም። እንዳትጠብቀው ብሎ ያንን ቃል ከየት ምጦ እንዳወጣው ታውቃለች፤ ከወደዳት ቀን ጀምሮ ከሠራላት ሁሉ ይኸኛው ሳይከብደው አልቀረም። ተነሣች። ከምሰሶ የወረደች ልጅ ለተከታይዋ ላቧን ጠርጋ ነው የምትሄደው፤ የቤቱ ደንብ ነው። ጨርቁ ላይ አልኮል አርከፍክፋ ብረቱን ከላይ ወደ ታች መጥረግ ጀመረች። ጠረገችው። እንደገና ጠረገችው። ተራዋን የምትጠብቀው ልጅ ኤንባልን ዞር ብላ አየቻት።

ኤንባል ቀረብ ብላ ትከሻዋን ያዘቻት። “በቃ፣ ሜይታል። ጸድቷል።”

“ትንሽ ቀርቷል” አለች ሜይታል፣ መጥረጓን ሳታቆም።